ጥገናው ተጽፏል፤ ሳጥኑ ዘንድ ግን አልደረሰም

 

የዝግጅቱ አስተባባሪዎች እንድናገር የጠየቁኝ ስለ ዋይፋይ ራውተር ደህንነት ነው። ርዕሱ ሰፊ ነው፤ ሁሉን ልንካ ብል አንዱንም በወጉ ሳላስረዳ ይመሻል። ስለዚህ አንድ ጉድለት ብቻ መርጬ መጥቻለሁ። በራውተሩ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ከውጭ የመጣለትን መረጃ መጠኑን ሳይለካ ሲቀበል፣ መረጃው ከተመደበለት የሜሞሪ ቦታ ተርፎ ጎረቤቱን ይደመስሳል። ባለሙያዎች ይህን በፈር ኦቨርፍሎው ይሉታል። መጀመሪያ እንዴት እንደሚሠራ አሳያችኋለሁ። ቀጥሎ በእውን የተፈጸሙ ሁለት ታሪኮችን እነግራችኋለሁ። ከዚያ በቤታችን፣ በካፌያችንና በመሥሪያ ቤታችን ምን ማድረግ እንደምንችል እንነጋገራለን። የምጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠራ ለይቼ እናገራለሁ።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ሐሳብ ይዛችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ፤ ደጋግሜም እለዋለሁ። ጉድለትን የሚያስተካክል ጥገና መጻፉ አንድ ነገር ነው፤ ጥገናው እናንተ ቤት ያለው ሳጥን ውስጥ መግባቱ ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል አንዳንዴ ዓመታት ያልፋሉ። አጥቂዎችም የሚሠሩት በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ነው።

እንግዲህ ከሳጥኑ እንጀምር። ሳሎን ጥግ ወይም ካፌው ባንኮኒ ላይ መብራቱን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ባለ አንቴና ሳጥን ኮምፒውተር ነው። ፕሮሰሰር አለው፤ ሜሞሪ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሊኑክስም ተጭኖበታል። ፋብሪካ ውስጥ ተጭኖበት የሚመጣው ሶፍትዌር በጥቅሉ ፊርምዌር ይባላል። ብራውዘራችሁን ከፍታችሁ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ብላችሁ ስትጽፉ የሚመጣላችሁን ገጽ ታውቁታላችሁ፤ የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ የምትቀይሩበት ነው። ያ ገጽ የሚመጣው ከሩቅ አይደለም፤ እዚያው ሳጥን ውስጥ ከሚሠራ ትንሽ ዌብ ሰርቨር ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ሁለቱም ታሪኮች የተፈጸሙት እንደዚህ ባሉ ትንንሽ ዌብ ሰርቨሮች ላይ ነው።

ስልካችሁ አፕዴት ሲያስፈልገው ይነግራችኋል፤ እምቢ ካላችሁም ማታ ተመልሶ ይጠይቃል። ራውተሩ ግን ስክሪን የለውም። ኢንተርኔቱ እስከሠራ ድረስ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ እንደተገዛ፣ በተገዛበት ፊርምዌር፣ ሰባትና ስምንት ዓመት ያገለግላል። ከቤተሰቡ ዕቃዎች ሁሉ ያለማቋረጥ ከኢንተርኔት ጋር የተያያዘውም እሱ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልግባ። ቴክኒኩን ለማታውቁ አንድ ምሳሌ ይበቃል።

አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አስቡ። ፊቱ ያለው ቅጽ ላይ የስም መስመሩ ሃያ ፊደል ይይዛል። ከመስመሩ ቀጥሎ አለቃው «ስትጨርስ ፋይሉን ክፍል 4 አድርስ» ብሎ ጽፎለታል። ሠራተኛው ሲበዛ ታዛዥ ነው፤ የነገሩትን ፊደል ሁሉ ይጽፋል እንጂ መስመሩ አለቀ ብሎ አይቆምም። አንድ ሰው መጥቶ አርባ ፊደል ያለው ስም ያስጽፈዋል። ትርፎቹ ፊደላት በአለቃው ማስታወሻ ላይ ያርፉና «ክፍል 4» የነበረው «ክፍል 9» ይሆናል። ሠራተኛው ጽፎ ሲጨርስ ማስታወሻውን ያነባል፤ ፋይሉን አንሥቶ ክፍል 9 ይሄዳል። እዚያ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ስሙን ያስጻፈው ሰው ነው።

በኮምፒውተር ውስጥም ነገሩ እንደዚሁ ነው። ፕሮግራሞች ለአጭር ጊዜ የሚፈልጉትን መረጃ የሚያስቀምጡበት ስታክ የሚባል የሜሞሪ ክፍል አለ። ችግሩ፣ ስታክ ላይ ከውጭ የመጣው መረጃና «ይህን ሥራ ስትጨርስ ወደዚህ አድራሻ ተመለስ» የሚለው ትእዛዝ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። ከውጭ የመጣው መረጃ ከተረፈ አድራሻው ይደመሰሳል። በዘፈቀደ ከተደመሰሰ ራውተሩ ደንግጦ ይጠፋና እንደገና ይነሣል፤ እናንተም «ኔትወርኩ ተቋረጠ» ትላላችሁ። በስሌት ከተደመሰሰ ግን ፕሮሰሰሩ አጥቂው ወደመረጠው ቦታ ሄዶ አጥቂው የፈለገውን ይፈጽማል። በብዙ ራውተሮች ላይ ደግሞ ያ ዌብ ሰርቨር የሚሠራው በሙሉ ሥልጣን ስለሆነ፣ እሱን የያዘ ሳጥኑን በሙሉ ያዘ ማለት ነው።

ለምን አይለካም? የራውተር ፊርምዌር በብዛት የሚጻፈው በሲ ቋንቋ ነው። ሲን ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲሠራው ለፕሮግራመሩ ሙሉ ነጻነት ሰጠው፤ ከነጻነቱ ጋር ልክ የማየቱን ኃላፊነትም ሰጠው። ቋንቋው ራሱ «ይህ ከቦታው ይበልጣል» ብሎ አያስቆምም። መቶ ሺህ መስመር የጻፈ ሰው በአንዷ መስመር ላይ ልኬቱን ቢረሳ ያቺ አንዷ ትበቃለች።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በኅዳር 1988 የሞሪስ ትል የተባለው ፕሮግራም በወቅቱ በነበረው ትንሽ ኢንተርኔት ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን ሲያዳርስ፣ ከተጠቀመባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነበር፤ 512 ባይት ብቻ በሚይዝ ቦታ ላይ ከዚያ የበለጠ መላክ። ከዚያ ወዲህ መሐንዲሶች ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1998 ስታክጋርድ የተባለ መከላከያ ይፋ ሆነ፤ ከመመለሻው አድራሻ ፊት አጥቂው የማያውቀው ምስጢራዊ ቁጥር ይቀመጣል፤ ቁጥሩ ከተለወጠ ፕሮግራሙ አደጋ እንደደረሰ አውቆ ወዲያው ይቆማል። መረጃ የተቀመጠበት ሜሞሪ እንደ ትእዛዝ እንዳይፈጸም ማድረግም ተቻለ። የሜሞሪ አድራሻዎችን ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር ማቀያየርም ተለመደ። በላፕቶፓችሁና በስልካችሁ ላይ እነዚህ ሁሉ ሳትጠይቁ በሥራ ላይ ናቸው።

በራውተሮች ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሉም፤ ወይም ግማሾቹ ብቻ አሉ። አምራቹ ቺፑን ሲገዛ ከቺፑ ጋር የተዘጋጀ ሶፍትዌር አብሮ ይሰጠዋል፤ ያ ሶፍትዌር ያረጀ ሊሆን ይችላል። ሳጥኑ በርካሽ መሸጥ አለበት፤ ሜሞሪው ትንሽ ነው፤ ቀጣዩ ሞዴል ለገበያ መድረስ አለበት። እነዚህን መከላከያዎች ማብራት ፊርምዌሩ ሲዘጋጅ ጥቂት ምርጫዎችን መጨመር ነው፤ እኔን የሚያሳዝነኝም ይህ ነው። ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ትልቅ የሆነ ነገር የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ ብቻ ይቀራል።

ወደ መጀመሪያው ታሪክ እንሂድ። ኔትጊር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አር7000 የሚባል ራውተር አለው፤ ናይትሆክ በሚል ስም በሰፊው የተሸጠ ነው። በአሜሪካ ዘመድ ያላችሁ፣ በሻንጣ ከመጡላችሁ ዕቃዎች መካከል የኔትጊር ሳጥን ካለ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። በ2020 ግሪም በተባለ ኩባንያ የሚሠራው አዳም ኒኮልስ የዚህን ራውተር ፊርምዌር ፈታትቶ ሲመረምር አንድ ነገር አገኘ። ቪኤንፒቲ አይኤስሲ ከተባለው የቬትናም ኩባንያ የመጣ ሌላ ተመራማሪም ያንኑ ጉድለት ለብቻው አግኝቶ ነበር።

ጉድለቱ የነበረው ራውተሩ ራሱን በሚያድስበት ቦታ ላይ ነው። አዲስ ፊርምዌር ስትጭኑበት፣ የፋይሉ መጀመሪያ ላይ «የእኔ መግቢያ ክፍል ርዝመት ይህን ያህል ነው» የሚል ቁጥር አለ። ዌብ ሰርቨሩ ያንን ቁጥር ያነባል፤ የተባለውን ያህል ባይትም ስታክ ላይ ወዳለው ውስን ቦታ ይገለብጣል። ቁጥሩ ከቦታው ይበልጥ እንደሆነ አይጠይቅም። ቁጥሩን የጻፈው ደግሞ ፋይሉን የላከው ሰው ነው! አር7000 ላይ ያ ምስጢራዊ ቁጥርም አልነበረም፤ ስለዚህ አድራሻው ሲደመሰስ ማንም አላወቀም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስምሩልኝ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ራውተሩ ፓስወርድ ከመጠየቁ በፊት ነው። ብዙዎቻችን «ፓስወርዴ ጠንካራ ነው፤ ማንም አይገባም» እንላለን። ጠንካራ ፓስወርድ አስፈላጊ ነው፤ ያለሱ ደግሞ አጥቂው ምንም ልፋት ሳያስፈልገው ይገባል። ነገር ግን ፓስወርድ የሚከለክለው በፓስወርዱ ጥያቄ በኩል የሚመጣን ሰው ነው። ጥያቄው ሳይጠየቅ የሚፈጸም ስሕተትን ፓስወርድ አያስቆመውም። የሚያስቆመው የተስተካከለ ፊርምዌር ብቻ ነው።

ሁለተኛም አለ። አር7000 በነባሪ ሁኔታው ዌብ ሰርቨሩን ለውጭው ኢንተርኔት አይከፍትም፤ ለውስጡ መረብ ብቻ ነው። «እንግዲያው ምን ያሰጋል?» ትሉ ይሆናል። ኒኮልስ እንዳሳየው፣ ቤት ውስጥ ያለ አንድ ሰው በኮምፒውተሩ ተንኮል ያለበት ድረ ገጽ ቢከፍት፣ ያ ገጽ ብራውዘሩን መሣሪያ አድርጎ ከውስጥ ወደ ራውተሩ ጥያቄ ሊልክ ይችላል። ደግሞ የሆቴልና የካፌ ባለቤቶች አስቡት፤ እናንተ ዘንድ ማን ነው «ውስጥ» ያለው? ማኪያቶ አዝዞ ፓስወርዱን ከደረሰኙ ላይ ያነበበ ሁሉ ውስጥ ነው። እንግዳችሁም፣ የእንግዳችሁ ቫይረስ ያለበት ላፕቶፕም ከካሸር ኮምፒውተራችሁና ከራውተሩ አስተዳደር ገጽ ጋር በአንድ መረብ ላይ ተቀምጠዋል። በእናንተ ቤት «ከውስጥ ብቻ ነው የሚደረስበት» የሚለው ቃል ማጽናኛ አይሆንም።

ኒኮልስ በአንድ ሞዴል አልተወሰነም። የኔትጊርን ሌሎች ፊርምዌሮች በፕሮግራም እየፈተሸ ሲሄድ ያው ጉድለት በ79 ሞዴሎችና በ758 የፊርምዌር ቅጂዎች ውስጥ ተገኘ፤ አንዳንዱ እስከ 2007 ድረስ ወደ ኋላ ይሄድ ነበር። አስቡት፤ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺ አንዲት ያልተለካች መስመር ከሞዴል ወደ ሞዴል እየተገለበጠች ኖረች። ኔትጊር በኋላ ለተወሰኑት ሞዴሎች ጥገና አወጣ። ለ45 ያህል ሞዴሎች ግን ዕድሜያቸው ስላለፈ ጥገና እንደማይኖር አስታወቀ። ሳጥኖቹ ይሠራሉ፤ ዋይፋይ ያወጣሉ፤ መብራታቸው ይበራል። ጉድለቱ ግን ለዘለዓለም አብሯቸው ይኖራል። አንድ ሳጥን በውጭ አገር «ጊዜው አልፎበታል» ተብሎ ሲነሣ የት እንደሚሄድ እዚህ ያላችሁ ነጋዴዎች ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ፣ ሞዴሉ ዛሬም ጥገና ያገኝ እንደሆነ ከዋጋው በፊት ጠይቁ።

ሁለተኛው ታሪክ ለእኔ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ስለዚህ ትንሽ እቆይበታለሁ።

በታኅሣሥ 2014 ቼክ ፖይንት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ ተመራማሪዎች ሚስፎርቹን ኩኪ ብለው የሰየሙትን ጉድለት ይፋ አደረጉ። ከተመራማሪዎቹ ሻሃር ታልና ሊዮር ኦፔንሃይም በዚያው ወር ጀርመን ሐምቡርግ ላይ በተደረገ ጉባኤ ዝርዝሩን አቀረቡ። ጉድለቱ የነበረው ሮምፔጀር በሚባል ትንሽ ዌብ ሰርቨር ላይ ነው፤ የሠራው አሌግሮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። አሌግሮ ራውተር አይሸጥም፤ ሶፍትዌሩን ለሌሎች ይሸጣል። ተመራማሪዎቹ ኢንተርኔቱን ሲቃኙ ጉድለቱ ያለባቸው ቢያንስ 12 ሚሊዮን መሣሪያዎች በ189 አገሮች ውስጥ አገኙ። ከተጠቀሱት ስሞች መካከል ዲሊንክ፣ ቲፒሊንክ፣ ሁዋዌይ፣ ዜድቲኢና ዛይክሰል ነበሩበት። እነዚህን ስሞች እዚህ አገር የማያውቅ የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብራውዘራችሁ ከዌብ ሰርቨር ጋር ሲነጋገር ኩኪ የሚባሉ ትንንሽ ማስታወሻዎችን ይልካል። ሮምፔጀር ለእነዚህ አሥር ቦታ አዘጋጅቶ ነበር፤ እያንዳንዱ 40 ባይት። የኩኪው ስም የቦታውን ቁጥር ይይዛል፤ ሰርቨሩም ቁጥሩን በ40 አባዝቶ ከመነሻው ላይ በመደመር መረጃውን እዚያ ይጽፋል። ቁጥሩ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ መሆኑን ግን አያረጋግጥም። አጥቂ በሚሊዮን የሚቆጠር ቁጥር ቢልክለት ሰርቨሩ አባዝቶ፣ ደምሮ፣ ሄዶ ይጽፋል፤ የፈለገው የሜሞሪ ቦታ ላይ። ኔትጊሩ ላይ ትርፉ ጎረቤቱን ነበር የደመሰሰው፤ እዚህ ግን አጥቂው የሚጽፍበትን ቦታ ራሱ ይመርጣል። የጎደለችው ያችው አንዲት የልኬት መስመር ናት።

ይባስ ብሎ ይህ ሰርቨር ብዙ ጊዜ በ7547 ቁጥር በር ላይ ወደ ውጭው ኢንተርኔት ክፍት ሆኖ ይጠብቅ ነበር። ያ በር ቴሌኮም ድርጅቶች የደንበኞቻቸውን ሳጥን ከርቀት የሚያስተካክሉበት ነው። ለጥገና የተከፈተው በር ራሱ የመግቢያ መንገድ ሆነ።

እስካሁን የነገርኳችሁ የፕሮግራመር ስሕተት ነው፤ ስሕተት ሁሌም ይኖራል። ልቤን የሚነካው ቀጥሎ ያለው ነው። ጉድለቱ ወደ ሶፍትዌሩ የገባው በ2002 ነው። አሌግሮ አስተካክሎ አዲስ ቅጂ ያወጣው በ2005 ነው። ተመራማሪዎቹ 12 ሚሊዮን ሳጥን ያገኙት በ2014 ነው። ጥገናው ከተጻፈ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል!

የት ቀረ? መንገዱን አብረን እንከተለው። አሌግሮ የተስተካከለውን ቅጂ ለደንበኞቹ አወጣ። ከደንበኞቹ አንዱ ቺፕ ሠሪ ነው፤ ቺፕ ሠሪው ለራውተር አምራቾች የሚያከፋፍለው ጥቅል ውስጥ አሮጌው ቅጂ ገብቶ ነበርና እንደነበረ ማከፋፈሉን ቀጠለ። አምራቹ ጥቅሉን ተቀብሎ የራሱን ስምና ቀለም ቀብቶበት ሸጠ። ቴሌኮም ድርጅቱ በሺዎች ገዝቶ ለደንበኞቹ አደለ። ደንበኛው ሳጥኑን ሰክቶ ረሳው። ከእነዚህ አምስት እጆች አንዳቸውም ክፉ አላሰቡም። እያንዳንዳቸው ጥገናው የሌላው ሥራ ነው ብለው ስላሰቡ ብቻ የተጻፈው ጥገና መንገድ ላይ ቀረ። አሁን መጀመሪያ ላይ ያልኩትን ልድገመው፤ የጥገናው መጻፍና ወደ ሳጥኑ መግባቱ ሁለት ነገሮች ናቸው።

በዚህ ዓይነት የተያዘ ራውተር ምን ይደረግበታል? ባጭሩ ሦስት ነገር ልጥቀስ። በብራዚል በ2011 እና በ2012 በሌላ የፊርምዌር ጉድለት በኩል ወደ 4.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሞደሞች ተይዘው ነበር፤ አጥቂዎቹ የአድራሻ ማውጫ ቅንብሩን ቀይረው ሰዎች የባንካቸውን ስም በትክክል ጽፈው ወደ ሐሰተኛ ገጽ እንዲሄዱ አደረጉ። በኅዳር 2016 መጨረሻ በጀርመን 900,000 ያህል የዶይቸ ቴሌኮም ደንበኞች ከኢንተርኔት ውጭ ሆኑ፤ ጥቃቱ የመጣው ያንኑ 7547 በር እያንኳኳ ነበር። በ2018 ደግሞ ሲስኮ ታሎስ የተባለው የደህንነት ተመራማሪዎች ቡድን ቪፒኤንፊልተር የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 ራውተሮችና የመረጃ ማከማቻዎች ላይ ማግኘቱን አስታወቀ፤ ያ ፕሮግራም በሳጥኑ በኩል የሚያልፈውን ከመሰለሉም በላይ ሲታዘዝ ሳጥኑን ጨርሶ ማበላሸት ይችል ነበር። ሦስቱም በሜሞሪ መትረፍ የመጡ ናቸው እያልኩ አይደለም። ሳጥኑ በየትኛውም ጉድለት ቢያዝ የሚደርሰው ጉዳት ግን ያው ነው። ዛሬ ደመወዛችንም፣ እቁባችንም፣ የሱቅ ክፍያችንም በስልክ በሚያልፍበት ዘመን ይህን ችላ ማለት አንችልም።

ወደ መፍትሔው እንምጣ። መጀመሪያ ቤት ላለነው።

ዛሬ ማታ ሳጥኑን ገልብጡና የጀርባውን ወረቀት አንብቡ። ሞዴሉን ብቻ ሳይሆን የሃርድዌር ቨርዥኑንም ጻፉ፤ ስሙ አንድ ሆኖ ቨርዥኑ የተለያየ ሳጥን የተለያየ ፊርምዌር ይፈልጋል፤ የማይገባውን መጫን ሳጥኑን ሊገድለው ይችላል። ከዚያ የአስተዳደር ገጹን ክፈቱና የተጫነውን የፊርምዌር ቁጥርና ቀን እዩ። በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ አዲስ ካለ ከዚያው ብቻ አውርዱ፤ ሰው በቴሌግራም የላከውን ፋይል አትጫኑ። ስትጭኑ ኮምፒውተሩን በገመድ አያይዙ። አንድ የእኛ አገር ጉዳይም አለ፤ አፕዴቱ መሀል ላይ እያለ መብራት ከጠፋ ሳጥኑ ዳግመኛ ላይነሣ ይችላል። ዩፒኤስ ካላችሁ በዩፒኤስ፣ ከሌላችሁ መብራት በማይዋዥቅበት ሰዓት አድርጉት። ይህ ፍርሃት ብዙ ሰው አፕዴትን ጨርሶ እንዲተው አድርጓል፤ ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ግን ሰዓት መምረጥ እንጂ መተው መፍትሔ አይደለም።

ጥገና እስኪመጣ ወይም ጥገና የማይመጣለትን ሳጥን እስክትቀይሩ ደግሞ አጥቂው የሚደርስበትን በር አጥብቡ። ከርቀት ማስተዳደር የሚለውን አጥፉ፤ ከቤት ውጭ ሆኖ ራውተሩን የሚያስተካክል ቤተሰብ ብዙ አይደለም። ደብሊውፒኤስ እና ዩፒኤንፒ የሚባሉትን የማትጠቀሙባቸው ከሆነ ዝጉ። የዋይፋዩ ፓስወርድና የአስተዳደር ገጹ ፓስወርድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛው አሁንም «አድሚን» ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት። አጥፍቶ ማብራት አንዳንድ ተንኮለኛ ፕሮግራሞችን ከሜሞሪ ያስወግዳል፤ ጉድለቱ ግን እዚያው ስላለ ያው አጥቂ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። እረፍት ነው እንጂ ጥገና አይደለም።

ሳጥኑን ቴሌኮም ድርጅቱ የሰጣችሁ ከሆነ ፊርምዌሩን እናንተ መቀየር የማትችሉበት ጊዜ አለ፤ አፕዴቱ ከእነሱ ነው የሚመጣው። እንግዲያው ደውሉና ጠይቁ። ለኔትወርክ መቆራረጥ 994 የምንደውል ሰዎች «የራውተሬ ፊርምዌር መቼ ታደሰ?» ብለንም መደወል መብታችን ነው። አንድ ሰው ቢጠይቅ መልስ ላያገኝ ይችላል፤ ብዙ ሰው ሲጠይቅ ግን ጥያቄው ራሱ ሥራ ይሆናል።

ለካፌ፣ ለሆቴልና ለትምህርት ቤት ሰዎች፦ የእንግዳ መረቡን ለዩት። በቅንብሩ ውስጥ «ጌስት ኔትወርክ» የሚል አለ፤ እንግዶች እዚያ ይግቡ፤ ካሸሩ፣ ካሜራዎቹና የሒሳብ ኮምፒውተሩ ሌላ ላይ ይሁኑ፤ የአስተዳደር ገጹም ከእንግዳው መረብ እንዳይከፈት አድርጉ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

አሁን ደግሞ ግዥ የምትፈጽሙ፣ ጨረታ የምታወጡና ዕቃ የምታስገቡ ወገኖች ስሙኝ፤ ከዚህ አዳራሽ ሰዎች ሁሉ ትልቁ ሥልጣን ያለው በእናንተ እጅ ነው። የጨረታ ሰነድ ላይ ፍጥነት፣ የአንቴና ብዛትና ዋጋ ይጻፋል። አንድ መስመር ጨምሩበት፤ «አምራቹ የደህንነት ጥገና እስከ የትኛው ዓመት ድረስ ይሰጣል?» ብሪታንያ ከሚያዝያ 2024 መጨረሻ ጀምሮ ከኢንተርኔት ጋር የሚያያዝ ዕቃ የሚሸጥ ሁሉ ይህን ጊዜ በግልጽ እንዲያሳውቅ በሕግ አስገድዳለች፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ ቀላል ፓስወርድም ከልክላለች። የአውሮፓ ኅብረትም የሳይበር ጽናት ሕጉን በ2024 አጽድቋል፤ ዋና ዋና ግዴታዎቹ በታኅሣሥ 2027 ተፈጻሚ ይሆናሉ። አምራቾቹ ለእነዚያ አገሮች መልሱን ማዘጋጀታቸው ካልቀረ እኛም ያንኑ መልስ ብንጠይቅ የሚያስቸግር ነገር የለም። ካልጠየቅን ግን እዚያ የማይሸጠው ሳጥን ወደማይጠይቀው ገበያ ይመጣል።

በመጨረሻም እናንተ ተማሪዎች። ማይክሮሶፍት በ2019 እንዳስታወቀው፣ በየዓመቱ ከሚያስተካክላቸው የደህንነት ጉድለቶች 70 በመቶ ያህሉ ከሜሞሪ አያያዝ ጋር የተያያዙ ናቸው። ይህን ያህል ገንዘብና ባለሙያ ያለው ኩባንያ በሲና በሲ ፕላስ ፕላስ ሲጽፍ እንዲህ ከሆነ፣ «እኔ እጠነቀቃለሁ» የሚለው ብቻውን አይበቃም። ልኬቱን ቋንቋው ራሱ የሚያረጋግጥባቸውን እንደ ረስት ያሉ ቋንቋዎች ተማሩ። በሲ መጻፍ ግድ ሲሆን ከውጭ የመጣ ቁጥር ሁሉ ሳይፈተሽ ወደ ሜሞሪ እንዳይገባ አድርጉ፤ የኮምፓይለሩን መከላከያዎች አብሩ። ኦፕንደብልዩአርቲ የተባለውን ነጻ የራውተር ሶፍትዌር አጥኑ፤ አምራቾቻቸው የተዋቸውን ብዙ ሳጥኖች ዛሬም በጥገና ያቆያቸዋል፤ የሚደግፋቸውን ሞዴሎች ዝርዝር ግን ከመጫናችሁ በፊት አረጋግጡ። ቢንዎክ በሚባለው መሣሪያ የራሳችሁን ራውተር ፊርምዌር ፈታታችሁ ውስጡን ማየት ትችላላችሁ፤ ኒኮልስ የሄደበትም መንገድ በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ፊርምዌሩን አውርዶ መፍታትና ማንበብ።

ነገር ግን በራሳችሁ ሳጥን ላይ ብቻ። በእኛ አቆጣጠር በ2008 የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጎታል፤ «ጉድለቱን ላሳየው ብዬ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም። ጉድለት ካገኛችሁ መጀመሪያ ለአምራቹ በጽሑፍ ንገሩ፤ በአገር ውስጥ ደግሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር አለ፤ ለእሱ አሳውቁ። አምራቹ አስተካክሎ እስኪጨርስ ዝርዝሩን አትበትኑ። ሲስተካከል ግን ዝም አትበሉ፤ ያ ሞዴል በየትኛው ሰፈር፣ በየትኛው ትምህርት ቤት፣ በየትኛው ክሊኒክ እንዳለ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሄዳችሁ በሩን አንኳኩና አዲሱን ፊርምዌር ጫኑላቸው።

 ለጥያቄ በቂ ጊዜ አለን፤ የሳጥናችሁን ሞዴልና ቨርዥን የምታስታውሱ ካላችሁ ከእናንተ እንጀምር።